ከቅባቱ በፊት ጫማው

እ.ኤ.አ. በ1986 ማይክል ዛስሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ተመራማሪ፣ ሜሪላንድ ግዛት ቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ በአፍሪካ እንቁራሪቶች ላይ ይሠራ ነበር። ለጥናቱ የሚፈልገው እንቁላላቸውን ነው። ሆዳቸውን ይከፍታል፣ እንቁላሉን ያወጣል፣ ይሰፋና ወደ ገንዳቸው ይመልሳቸዋል። ገንዳው የደፈረሰ፣ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ስፌቱ ግን ሳያመረቅዝ ይጠግጋል። ዛስሎፍ ነገሩን ተከታትሎ በእንቁራሪቶቹ ቆዳ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል ንጥረ ነገር አገኘ። በ1987 ግኝቱን ሲያሳትም «ማጋይኒን» የሚል ስም ሰጠው፤ «ማጌን» በዕብራይስጥ ጋሻ ማለት ነው።

ከዚያ ግኝት ፔክሲጋናን የተባለ ክሬም ተሠራ። የታሰበው ለስኳር ህመምተኞች የእግር ቁስል ነበር። በ1990ዎቹ 835 ህመምተኞች በተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች፣ ክሬሙ በአፍ ከሚዋጥ ኦፍሎክሳሲን ከተባለ አንቲባዮቲክ ጋር ተወዳደረ። በሁለቱም ወገን ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆኑት ኢንፌክሽኑ ተሻላቸው። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1999 ፈቃድ ነፈገው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ኩባንያ ክሬሙን እንደገና አንስቶ በሰፊው ፈተነው። በ2016 ውጤቱ ሲወጣ፣ ፔክሲጋናን በተቀቡትና ምንም መድኃኒት የሌለበት ክሬም በተቀቡት ሰዎች መካከል ልዩነት አልታየም።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ያለው ከክሬሙ መውደቅ ይልቅ ባዶውን ክሬም የተቀቡት ሰዎች ላይ ነው። ባዶ ክሬም ተቀብተው የተሻላቸው፣ እንደሌሎቹ ሁሉ ቁስላቸው በባለሙያ እጅ ስለታጠበ፣ የሞተው ሥጋ ስለተነሣ፣ በፋሻ ስለተጠበቀ፣ እግራቸውም እንዳይረግጥ ስለተደረገ ነው። ክሬሙ ያለው ሥራ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነበር፤ ሲመዘን ደግሞ ቀለለ።

ኢትዮጵያ ውስጥ በየፋርማሲው መስኮት የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ለስኳር ቁስል የሚሆን ጥሩ ቅባት አለ?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ቤት የቀረው አባት ወይም እናት ነው። ፋርማሲው ያለውን ይሰጣል። ሳምንት ሲያልፍ ሌላ ቅባት ይገዛል፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድም ውድ የሆነውን ይዞ እንዲመጣ ይለመናል። በዚህ ሁሉ መሀል ባለ ቁስሉ ሰው ጠዋት ተነሥቶ በዚያው እግሩ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ገበያ ይወርዳል፣ ሱቁን ይከፍታል። በቁስሉ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ቅባት ይደረግለታል፤ በቀን ሺህ ጊዜ ደግሞ ይረገጣል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ቅባት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ቦታው ሁለተኛ ነው። አንደኛውን ሳይመልሱ ሁለተኛውን መጠየቅ ቤተሰብን ገንዘብ፣ ህመምተኛን እግር ያስከፍላል።

ቁስሉ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ክርክሩን ግልጽ ያደርገዋል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግር ነርቮችን ይጎዳል። እግር ሲደነዝዝ ሕመም የሚባለው ዘበኛ ይተኛል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይረገጣል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው። የጣቶቹ ጡንቻዎች ስለሚዳከሙ ጣቶቹ ይቆለመማሉ፤ ክብደቱ ሁሉ በውስጥ እግር አንድ ሁለት ቦታዎች ላይ ይወድቃል። ላብ ስለሚቀንስ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። ክብደት የሚያርፍበት ቦታ ይጠነክራል፤ የጠነከረው ቆዳም እንደ ጠጠር ሆኖ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ሥጋ ይጨፈልቃል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይቆስላል። በዚህ ላይ የእግሩ ደም ሥሮች ጠበው ከሆነ፣ ቁስሉን የሚጠግነው ደም በበቂ አይደርስም።

የዓለም አቀፉ የስኳር ህመም ፌዴሬሽን ግምት እንደሚለው በ2024 በዓለም 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር ጋር ይኖራሉ። በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ታዋቂ ግምገማ ደግሞ፣ ከስኳር ህመምተኞች መካከል ከመቶ 19 እስከ 34 የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የእግር ቁስል እንደሚያገኛቸው አስልቷል። ቁስሉ ከሻረላቸው ከመቶ 40ዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ቅባት ብቻውን መልስ ቢሆን ኖሮ ይህ የመጨረሻው ቁጥር እንዲህ ባልከፋ ነበር፤ ቁስሉን ያመጣው ግፊት ካልተነካ ቁስሉ መመለሱ አይቀርም።

አሁን ወደ ቅባቶቹና ወደ መሸፈኛዎቹ።

በ2009 በብሪታንያ ታትሞ የወጣ ጥናት ሦስት ዓይነት መሸፈኛዎችን አወዳደረ። አንዱ ከቁስል ጋር የማይጣበቅ ተራ ጎዝ ነው። ሁለተኛው አዮዲን የተነከረ ነው። ሦስተኛው ፈሳሽ መጥጦ እንደ ጄል የሚለሰልስ ዘመናዊና ውድ ነው። 317 ህመምተኞች በዕጣ ተመደቡ። በ24 ሳምንት ውስጥ ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ የሻረላቸው በተራው ጎዝ ከመቶ 38.7፣ በአዮዲኑ 44.4፣ በዘመናዊው 44.7 ነበሩ። ልዩነቱ በሳይንስ ሚዛን ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። ተራው ጎዝ ግን ከሁሉም ርካሽ ነበር። ይህን ውጤት በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይገባ ነበር፤ ለድሬሲንግ በመጣ ህመምተኛ ፊት «ጎዝ ብቻ ነው ያለን» ብሎ የሚሸማቀቅ ነርስ ቢያንስ በዚህ ረገድ የሚያፍርበት ነገር የለም።

ብር ያለባቸው ቅባቶችና መሸፈኛዎች ስማቸው ትልቅ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው የኮክሬን ተቋም ገምጋሚዎች በ2006 ለስኳር እግር ቁስል መጥቀማቸውን የሚያሳይ መስፈርቱን ያሟላ ጥናት ፈልገው አንድም አላገኙም። በ2017 ያው ተቋም ጀርም የሚገድሉ የሚቀቡ መድኃኒቶችን በአጠቃላይ ሲገመግም 22 ጥናቶችንና 2,310 ህመምተኞችን ሰብስቦ፣ አብዛኛው ማስረጃ ደካማ መሆኑን መዘገበ። ዓለም አቀፉ የስኳር ህመም እግር የሥራ ቡድን በ2023 ባወጣው መመሪያም፣ ቁስልን ለማሻር ብሎ ጀርም ገዳይ መሸፈኛ መጠቀምን አይመክርም። ኢንፌክሽን ያለበት ቁስል የሚፈልገው በአፍ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። ኢንፌክሽን የሌለበት ደግሞ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። እዚህ አገር ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ የመነስነስ ልማድ አለ፤ ለዓይን የተሠራ ቴትራሳይክሊን እግር ላይ የሚቀባም አለ። ዱቄቱ ከሚያዥ ቁስል ጋር ተደባልቆ ይጋገራል፣ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። ይህ ልማድ መቆም አለበት።

ማርን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፍ ግን አይቻልም።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናት። ማርን ቁስል ላይ ማድረግም ከአያት የወረደ ነው። ያለ ምክንያትም አልወረደም፤ ማር በስኳር ብዛቱ ከጀርሙ ውሃ ይመጥጣል፣ አሲድነት አለው፣ ሲቀጥን ደግሞ በራሱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ማር መለስተኛ ቃጠሎን ከአንዳንድ የተለመዱ መሸፈኛዎች ቀድሞ እንደሚያሽር አግኝቷል። ስለ ስኳር እግር ቁስል ግን ማስረጃው ለመደምደም የማይበቃ ሆነ። የ2023ቱ መመሪያም ለዚህ ቁስል ማርን አልመከረም። በሆስፒታል የሚሠራበት ማር በጨረር ከጀርም የጸዳ ነው፤ ከገበያ የተገዛ ማር ግን ሰም፣ የንብ ክንፍና አፈር፣ አልፎ አልፎም በቀላሉ የማይሞቱ የባክቴሪያ ዘሮች ሊኖሩበት ይችላል። አያቶቻችን ማር ያደርጉበት የነበረው ቁስል ደግሞ የማረሻ፣ የእንጨት፣ የእሳት ቁስል ነው። ነርቩ በሞተ፣ ደሙ ባነሰ፣ በየዕለቱ በሚረገጥ እግር ላይ ያለ ቁስል ሌላ ነገር ነው። ማሩን ያደረጉት እናት ጥፋተኛ አይደሉም፤ የያዙት ዕውቀት ለሌላ ቁስል የተሠራ ነው። የቡና ዱቄት፣ ቅቤና ፌጦ ግን ከማር ጋር አብረው የሚቆጠሩ አይደሉም፤ እነዚህ ቁስሉን ከመበከልና ከዓይን ከመጋረድ በቀር ለዚህ እግር የሚያደርጉት የለም።

«ቁስሉ ይድረቅ» የሚለው እምነትም ሥር የሰደደ ነው። ቁስል ይገለጣል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ አልኮል ይፈስበታል። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በ1962 በአሳማዎች ቆዳ ላይ ባደረገው ጥናት፣ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ለአየር ከተጋለጠው በእጥፍ ያህል ፍጥነት አዲስ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳየ። ዛሬ የቁስል እንክብካቤ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ቁስሉ እንዲጨቀይ አይፈለግም፤ እንደ ከንፈር ውስጥ ለስለስ ያለ እርጥበት ግን ያስፈልገዋል። አልኮልና ያልቀጠነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ሲገድሉ አዲሱን ሥጋም አብረው ይገድላሉ። በጨው ውሃ፣ ማለትም በሆስፒታሉ ሳላይን፣ ማጠብ በቂ ነው።

ቅባት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን ውሸት ይሆናል።

በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቤካፕለርሚን የተባለ ጄል፣ በደም ውስጥ የሚገኝና ቁስልን የሚያስጠግግ የእድገት ንጥረ ነገር አስመስሎ የተሠራ ነው። 382 ህመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት በ20 ሳምንት ከተቀቡት ከመቶ 50ዎቹ ሲሽሩ፣ ባዶ ጄል ከተቀቡት የሻሩት 35 ነበሩ። በ2008 ብዙ ቱቦ የተጠቀሙ ሰዎች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሏል በሚል ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈበት፤ ተጨማሪ መረጃ ከተመረመረ በኋላ በ2018 ተነሣ። ሱክሮስ ኦክታሰልፌት ያለበት መሸፈኛ በፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ጀርመንና ብሪታንያ በ240 ህመምተኞች ላይ ተፈትኖ በ20 ሳምንት ከመቶ 48 አሽሯል፤ ያለ መድኃኒቱ የተሠራው ተመሳሳይ መሸፈኛ 30። ከህመምተኛው ከራሱ ደም ተጣርቶ እንደ ልጥፍ የሚደረገው ሕክምና 34 ሲያሽር፣ የተለመደው እንክብካቤ ብቻ 22 አሽሯል። በታይዋን የተሠራውና ከሁለት ዕፅዋት የተቀመመው ኦን101 የተባለ ክሬም በ2021 በታተመ ጥናት በ16 ሳምንት 60.7 ሲያስመዘግብ፣ የተወዳደረው ፈሳሽ መጣጭ መሸፈኛ 35.1 ነበር። የእግር ቁስል ላይ የሚደረግ የኦክስጅን ሕክምናም በ2020 ጥሩ ውጤት አሳይቷል።

እነዚህ ቁጥሮች የእውነት ናቸው፤ የጥናቶቹ ባለቤቶችም ሊመሰገኑ ይገባል። የ2023ቱ መመሪያ ከእነዚህ መካከል ሱክሮስ ኦክታሰልፌትን፣ የደም ልጥፉንና ኦክስጅንን በቅድመ ሁኔታ ተቀብሏል፤ ዋናው ቅድመ ሁኔታም መሠረታዊው እንክብካቤ በሚገባ ተሠርቶ ቁስሉ አልሽር ሲል የሚል ነው። ሱክሮስ ኦክታሰልፌት እንኳ ከተደረገላቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ20 ሳምንት አልሻሩም። ከኮምፒዩተር ማስታወቂያ አይቶ ለሚገዛ ልጅ ይህን የሚነግረው የለም።

መሠረታዊው እንክብካቤ ምንድን ነው ከተባለ፣ ከሥጋ ደዌ ሐኪሞች መጀመር ይሻላል። ፖል ብራንድ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ከ1946 ጀምሮ በደቡብ ሕንድ ቬሎር ከተማ የሥጋ ደዌ ህመምተኞችን ሲያክም፣ የጣትና የእግር መጥፋት በሽታው ሥጋን ስለሚበላ የመጣ እንዳልሆነ ተረዳ። ሕመም የማይሰማው እግር በራሱ እርምጃ ራሱን ይጎዳል። እግሩ በጄሶ ታሽጎ ክብደቱ በእግሩ ሁሉ ላይ ሲከፋፈል ለዓመታት ያልጠገገ ቁስል በሳምንታት ውስጥ ይጠግግ ነበር። ብራንድ በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ ሉዊዚያና፣ ወደ ካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲዛወር ዕውቀቱን ይዞ ሄደ፤ የስኳር ህመምተኞች እግርም በዚያው መንገድ መታከም ጀመረ።

ይህ ዕውቀት ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ሲቋቋም፣ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ የሚሠራበት ወርክሾፕም ነበረው። የደነዘዘ እግር እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቁ እጆች በዚህች ከተማ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። የስኳር ህመምተኛው ግን ያንን በር አያንኳኳም፤ የሥጋ ደዌ ስም ያስፈራዋል፤ የላከውም ሐኪም የለም። ይህ በገንዘብ እጦት ሊሳበብ የማይችል ጉድለት ነው።

የጄሶው ማስረጃ ከየትኛውም ቅባት ማስረጃ ይጠነክራል። ዴቪድ አርምስትሮንግ የተባለ አሜሪካዊ የእግር ሐኪምና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጥናት 63 ህመምተኞችን በሦስት ከፈሉ። ከጉልበት በታች ሙሉ ጄሶ ከተደረገላቸው በ12 ሳምንት ከመቶ 89.5 ሻሩ። ሊወልቅ የሚችል ልዩ ቦት ከተሰጣቸው 65፣ ከፊቱ ክፍት የሆነ ግማሽ ጫማ ከተሰጣቸው 58.3። እነዚህ ቁስሎች ደም ያላጠራቸው፣ ኢንፌክሽን የሌለባቸው የውስጥ እግር ቁስሎች ስለነበሩ ከሌሎቹ ጥናቶች ጋር ቁጥር በቁጥር ማነጻጸር አይቻልም። ሆኖም ጄሶው ከግማሽ ጫማው በ31 ነጥብ ሲበልጥ፣ ከላይ ከተጠቀሱት ቅባቶች አብዛኞቹ ከተወዳዳሪያቸው የበለጡት በ12 እና በ18 ነጥብ መካከል ነው።

ሊወልቅ የሚችለው ቦት ለምን አነሰ? በ2003 ያው ቡድን ያሳተመው ሌላ ጥናት መልሱን ሰጠ። ተመራማሪዎቹ በህመምተኞቹ ቦትም ወገብም ላይ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ አሰሩ። ቦቱን አድርገው የተራመዱት ከዕለቱ እርምጃቸው 28 ከመቶውን ብቻ ነበር። ከቤት ሲወጡ ያደርጉታል፣ ቤት ሲገቡ ያወልቁታል፤ ወደ ማድ ቤት፣ ወደ መጸዳጃ፣ ወደ በር በባዶ እግር ይመላለሳሉ። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ የማያመው እግር እረፍት የሚያስፈልገው አይመስልም። በ2005 ያው ቡድን ቦቱን በፋሻ ጠቅልሎ እንዳይወልቅ ሲያደርገው የሻሩት ቁጥር ከ51.9 ወደ 82.6 ከመቶ ከፍ አለ። ለውጡን ያመጣው አንድ ጥቅል ፋሻ ነው።

ጄሶ ለሁሉም አይሆንም። ደም በማይደርስበት ወይም ክፉኛ ባመረቀዘ እግር ላይ ማሸግ እግሩን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የእግር የደም ምት በጣት መዳሰስ፣ ቁስሉ አጥንት መንካት አለመንካቱ መመርመር አለበት። እግሩ ከቀዘቀዘና ምቱ ካልተገኘ ሥራው የደም ሥር ሐኪም ነው፤ እዚያ ላይ ቅባት ሲያቀያይሩ መክረም ጣቱን፣ ከዚያም ቁርጭምጭሚቱን መጠበቅ ነው።

ሌላው ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ነገር የሞተ ሥጋንና የጠነከረ ቆዳን በስለት ማንሣት ነው። ነርሷ ስታነሣ ትንሽ የነበረው ቁስል ሰፍቶ ይታያል። «አሰፉት» ተብሎ ሐኪም ቤቱ ይቀየራል። በእውነቱ ቁስሉ ያን ያህል ነበር፤ የሞተው ቆዳ ደብቆት ነው የቆየው። ሽፋኑ ካልተነሣ ከላይ የሚቀባው ሁሉ ለሞተ ቆዳ የሚሰጥ ቀለብ ነው።

ጊዜም የራሱ ሚዛን አለው። በ2003 በ203 ህመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ በአራት ሳምንት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ያህል የቀነሰ ቁስል በ12 ሳምንት የመሻር ዕድሉ ከመቶ 58 ሲሆን፣ ያልቀነሰው 9 ብቻ ነው። ይህ ለማንኛውም ቤት የሚሆን መለኪያ ነው። ድሬሲንግ በሚደረግበት ቀን ርዝመቱንና ወርዱን በማስመሪያ ለክቶ ደብተር ላይ ከነቀኑ መጻፍ ወጪ የለውም። አራት ሳምንት አልፎ ካልቀነሰ የሚቀየረው ቅባቱ ሳይሆን ዕቅዱ ነው፤ ግፊቱ፣ ደሙ፣ አጥንቱ እንደገና ይመርመር።

የኑሮ ልማዶቻችንም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ጫማ አውልቆ መቅደስ መግባት የክብር ነገር ነው፤ እግሩ የቆሰለ ሰው ግን በቅጽሩ ወይም በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ጫማውን እንዳደረገ ቢያስቀድስ የንስሐ አባቱ የሚከለክሉት አይመስልም። ለውዱእ እግር የሚያጥብ ሰው በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥበት በደንብ ያድርቅ። እግር ለማጠብ የሚቀርብ ሙቅ ውሃ በክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ ይለካ፤ የደነዘዘ እግር ሲቀቀል አይናገርም። በብርድ ወራት እግርን ወደ ከሰል ማንደጃ ማስጠጋት ብዙ ቁስል የጀመረበት ነው። ከውጭ አገር ለወላጁ ዕቃ የሚልክ ልጅም ቅባቱን ትቶ ጫማ ይላክ፤ የእግሩን ርዝመትና ወርድ በወረቀት ላይ አስነድፎ፣ አፍንጫው ሰፊ፣ ውስጡ ስፌት የማይሻክር፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ።

የጤና ጥበቃ ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። የስኳር ክትትል በሚሰጥባቸው ተቋማት ሁሉ ህመምተኛው ጫማውን አውልቆ እግሩ ሳይታይ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። ጄሶ በየአጥንት ክፍሉ አለ፤ ለስብራት የሚያደርጉት ባለሙያዎች ለስኳር እግር ማድረግን እንዲሠለጥኑ ያስፈልጋል። የአለርት የጫማ ሥራ ዕውቀት ወደ ክልል ሆስፒታሎች ይውረድ። ውድ ክሬም ከማስመጣት በፊት እነዚህ ይሟሉ።

እስከዚያው ግን ከቤት የሚጀመር ነገር አለ። በእንግሊዝ ኢፕስዊች ከተማ ሐኪሞች የቀመሩት ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም። ዛሬ ማታ የአባትዎን ወይም የእናትዎን ካልሲ ያውልቁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጡ። የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ በጣትዎ ጫፍ ለአንድ ለሁለት ሰከንድ በስሱ ይንኩ፤ አይጫኑ፣ አይኮርኩሩ። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሟቸው እግራቸው ዘበኛ የለውምና ከነገ ጀምሮ በባዶ እግር አይሂዱ፤ በየምሽቱም ውስጥ እግራቸውን የሚያይላቸው ሰው ይኑር። ቁስል ካገኙ ደግሞ ቅባት ፍለጋ ሳይወጡ በንጹሕ ጎዝ ሸፍነው በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ ሲወስዷቸውም በዚያ እግር አያስረግጧቸው።